ያልተቀደደ እሽግ

ነጋዴው ኸይሩን ያገኘነው የመጋዘኑ በር እሽግ በተቀደደ በአምስተኛው ደቂቃ ነው። ሐሙስ ረፋድ፣ ነሐሴ ዘጠኝ። ከተደረደረው የዘይት ጀሪካን ጀርባ በሆዱ ተደፍቷል። ማጅራቱ ላይ አጥንቱ እንደ ተረገጠ ጣሳ ወደ ውስጥ ገብቷል። አንድ ጀሪካን ተቀዶ ዘይቱ ወለሉን አልብሶታል። ደም ከዘይት ጋር አይዋሃድም፤ እዚህም እዚያም ተቋጥሮ እንደ ጥቁር ዶቃ ቆሟል። አጠገቡ ባለ አሥር ኪሎ የሚዛን ድንጋይ ወድቋል፤ ፀጉር ተለጥፎበታል።

“እሽጉ አልተነካም ነበር! ሁላችሁም አይታችኋል!” እያለ ኦቦ ዋቅጅራ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የንግድ ጽሕፈት ቤት ሰው ነው፤ የግብረ ኃይሉ ሰብሳቢ። ወረቀቱን የቀደደበትን ምላጭ እንደያዘ ነው።

“አይተናል” አለ ትንሳኤ፣ የገመቹ ሸማቾች ማህበር ሊቀመንበር። በግብረ ኃይሉ ውስጥ የሕዝብ ተወካይ የሚባለው እሱ ነው። አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ አማተበ።

ሦስተኛው አባል እኔ ነኝ፤ ሳጅን አብዲሳ፣ በፖሊስ በኩል። ሃያ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆምኩ በየዓመቱ ማዕረግ ሲታደል እኔ ወንበር እደረድራለሁ። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ደግሞም ለማማረር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዶላሩ ምንዛሪ ተለቀቀ ከተባለ ወዲህ አሰላ ላይ ዘይት ጠፋ። ጠዋት በአንድ ዋጋ ያየኸው ጀሪካን ከሰዓት በሌላ ነው፤ በማግሥቱ ጭራሽ የለም። ከላይ ትእዛዝ ወረደ፤ የደበቀ ነጋዴ ይታሸግ፣ የተገኘውም በማህበር በኩል ለሕዝብ ይከፋፈል ተባለ። ሰኞ ዕለት ኸይሩ ሱቅ ስንሄድ እሱ የለም፤ መጋዘኑ ተቆልፏል። በቆርቆሮው ስንጥቅ በባትሪ አየን፤ ጀሪካን እስከ ጣሪያ። ዝናቡ አናት ይበሳል። በበሩ መጋጠሚያ ላይ ወረቀት ለጥፈን፣ ሐሙስ ከፍተን እንቆጥራለን ብለን ሄድን። ወረቀቱ የሦስታችን ፊርማና ክብ ማህተም አለው። ሐሙስ ስንመለስ እንዳለ ነበር። ከዚያ ነው ቁልፉን ሰብረን የገባነው።

አዛዣችን ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

“እሽጉ ካልተነካ ሰውየው የሞተው ከመታሸጉ በፊት ነው። ሰኞ ጠዋት። ሌላ ቁልፍ ያለው ማነው?”

“ዛኪር” አልኩት። “የኸይሩ ጫኝና አውራጅ። የሚስቱ ወንድም ነው።”

“የት አለ?”

“ሰኞ ጠዋት ወደ አቦምሳ ሄዷል።”

“ሸሽቷል በላ!” አለና ጠረጴዛውን መታ። “የሚመጣው ሳምንት ከላይ ሰዎች ይመጣሉ፣ ቴሌቪዥን ይመጣል፣ ገበያው ተረጋጋ ይባላል። ሬሳ ያለበት ገበያ አሳይ ትለኛለህ? እስከ ነገ ፋይሉ ይዘጋ።”

ዛኪርን መናኸሪያ ላይ ያዝኩት። ከአይሱዙ ላይ የማሽላ ኩንታል እያወረደ ነበር። የሸሸ ሰው ማሽላ ይዞ አይመለስም፤ ይህ ያኔም ገብቶኛል። ግን እኔን ማን ጠየቀኝ?

“ማነው የላከህ?”

“ኸይሩ ነዋ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ምነው ሳጅን፣ ምን ተፈጠረ?”

“እሁድ ዕለት በሰው ፊት በጥፊ መታህ አይደል?”

ሳቀ። “ለጎረቤት ሁለት ጀሪካን በድሮው ዋጋ ሸጬ ነዋ! የእህቴ ባል ነው፤ ይመታኛል፣ ይመግበኛል። ምን አለበት?”

ሳቁ አናደደኝ። ማንም እየተነሳ የሚስቅብኝ ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ጣቢያ ወስጄ ከቀኝ ትከሻው ጀመርኩ። ዱላው ሁለተኛው ላይ ተሰበረ፤ የወንበር እግር አመጡልኝ። ዛኪር መጀመሪያ ወላሂ፣ ወላሂ ይል ነበር። ቀጥሎ እናቱን ጠራ። ቀጥሎ ዝም አለ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በግራ እጁ ፈረመ፤ ቀኙ አልታዘዝ ብሎት። አዛዡ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ ኢንስፔክተር ለሊሴ ከአዳማ መጣች። ግድያ ስለሆነ ከበላይ የተላከች ናት። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ አንቱ እላታለሁ። ዲግሪ አላት ተብሏል፤ ብርዳችንን ግን አልቻለችውም፣ ኮቷን እስከ አገጯ ቆልፋለች። የዛኪርን ፋይል ቆማ አነበበችው።

“በየትኛው እጁ ነው የሚጽፈው?”

“በቀኙ” አልኩ።

“ይሄ ፊርማ የግራ ነው።”

 ፋይሉን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሬሳው ለምርመራ አዳማ ተልኳል፤ ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

በሩ ላይ ሂክማ ተቀምጣለች። የኸይሩ ሚስት፣ የዛኪር እህት። ከሐሙስ ጀምሮ ከዚያ ደረጃ አልተነሳችም። ለሊሴ ወደ ውስጥ አስገባቻት።

“ባለቤትሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?”

“ማክሰኞ። ምሳ አብልቼው ነው የወጣው። ለዚህም ሳጅን ነግሬዋለሁ፤ አልጻፈውም።”

አዎ፣ አልጻፍኩትም። አዛዡ “እህቱ አይደለች? ምን እንድትል ትፈልጋለህ?” ብሎኝ ነበር።

“ሌላ ያየው ሰው አለ?”

“ማን ያየዋል? ተደብቆ እኮ ነው! ሰኞ ነጋዴው ሁሉ ይታፈስ ነበር። ከቤት አልወጣም። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለለት። ‘አንተ ካልክ መጣሁ’ አለና በዝናቡ ወጣ። ስልኩም እሱም በዚያው ቀሩ።”

“ማን እንደደወለ አልጠየቅሽውም?”

“ባሌ ነጋዴ ነው። በቀን መቶ ሰው ይደውላል። ይኼንንስ ልጠይቀው?” ፊቷን ወደኔ አዞረች። “ባሌን ሳልቀብር ወንድሜን ልትቀብሩልኝ ነው። ሆን ብላችሁ ያሰማችሁኝ ይመስል ከውጭ ሆኜ ሰምቼዋለሁ ሲጮህ።”

ስትወጣ ለሊሴ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከረች። “ማክሰኞ በሕይወት ከነበረ፣ አንድ ሰው እሽጉን ከፍቶ መልሶ አሽጓል። ማህተሙ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?”

“ዋቅጅራ ጋ።”

ዋቅጅራ ስንገባበት ላብ አጠመቀው፤ በአሰላ ነሐሴ ላብ! ማህተሙን ከመሳቢያ አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘው።

“ኢንስፔክተር፣ እኔ ማክሰኞ ዴራ ነበርኩ። የንግድ ስብሰባ። ስልሳ ሰው ያውቃል። ማህተሙም አብሮኝ ነበር፣ ኪሴ ውስጥ።”

“ለምን ይዘኸው ሄድክ?”

“ሰው አላምንማ!”

ዴራ ደወለች። ሦስት ሰው አናገረች። ጠዋት ገብቶ አመሻሽ ላይ ነው የወጣው፤ ምሳም ከመድረኩ ሰዎች ጋር በልቷል። ለሊሴ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ወደቀ። ማህተሙ ዴራ ከነበረ፣ አሰላ ላይ ሁለተኛ እሽግ ሊኖር አይችልም። እሷ እንደዚያ አሰበች። እኔ ግን እንደዚያ እንዳልሆነ አውቅ ነበር፤ አፌን ዘግቼ ተከተልኳት።

ከዚያ ገመቹ ማህበር ሄድን። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተጠማዝዟል፤ እያንዳንዱ ሰው ባዶ ጀሪካኑን እንደ ልጅ አቅፏል። ትንሳኤ ቢሮው ተቀምጦ ሆዱን ይዟል። ሰውነቱ የሞላ፣ ፊቱ የገረጣ፤ ጠረጴዛው ላይ በክዳን የተሸፈነ ኩባያ፣ የታሰረ ፌስታልና ማንኪያ።

“ይቅርታ፣ ጨጓራዬ ነው። ፍልሰታ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስ፤ ይበላኛል ከውስጥ። ማክሰኞ? ማክሰኞማ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ዘይት ሳድል ነበርኩ። ሰልፈኛውን ጠይቁት፣ ሺህ ምስክር አለኝ!”

“ከኸይሩ ጋር ትተዋወቁ ነበር?”

“ነጋዴ ከሸማች ጋር እንዴት ይተዋወቃል? እንደ ድመትና አይጥ ነዋ!” ሳቀና ሆዱን መልሶ ያዘ።

ለሊሴም ፈገግ አለች። ወጣን።

እሁድ ጠዋት የእሽጉን ወረቀት ከፋይሉ ጋር አያይዙት ብላ ሰጠችኝ። ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ ነው የምፈለገው። ከፖስታው ስመዘው ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ተፈረፈረ። ቡናማ ዱቄት፣ ከወረቀቱ ጀርባ የደረቀ። በጣቴ አንስቼ አሸተትኩት። ምላሴ ላይ አደረግኩት።

እኔ የጭላሎ ሥር ገበሬ ልጅ ነኝ። ገብስ ሲዘራም ሲቆላም አውቃለሁ። በሶ ነው።

ይህን ዲግሪ ያለው አያውቀውም። ሰኞ ወረቀቱን የለጠፍነው በበሶ አይደለም። የቢሮው ሙጫ ስላለቀ፣ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያላት ዘርትሁን የስንዴ ዱቄት በጣሳ አፍልታ የሰጠችን ነው። ያ ሲደርቅ ነጭ ነው፤ ወረቀቱን ሳይቀድ አይለቅም። በሶ ግን የተቆላ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃዋል። ለጊዜው ይይዛል፣ ሲደርቅ ይፈረፈራል። የጨጓራ ሕመምተኛም በውሃ በጥብጦ ይጠጣዋል።

ዘርትሁን ጋ ሄድኩ።

“የሰኞው ሙጫሽ የምን ነበር?”

“የስንዴ ነዋ! የእንጀራ እናት መሰልኩህ እንዴ፣ ተልባ የምሰጥህ? ጣሳዬንም አልመለሳችሁም!”

“በሶ አልጨመርሽበትም?”

“በሶ በዚህ ዘመን በር ላይ የሚለጠፍ ነው? አብደሃል አንተ ሰውዬ።”

“ማክሰኞ መጋዘኑ በር ላይ ሰው አላየሽም?”

“ማክሰኞ መች ከፈትኩ! ገመቹ ተሰልፌ ውዬ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ተራዬ ሊደርስ ሲል ስድስት ሰዓት ላይ ትንሳኤ ዘጋው። ምሳ ነው ብሎ! ስምንት ሰዓት ነው የመጣው፣ እንደ አይጥ ረጥቦ። አሁን በሞቴ፣ ለፍልሰታ ጿሚ በስድስት ሰዓት የምን ምሳ አለው?”

ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። እግሬ ግን ወደ ጣቢያ አልሄድ አለኝ።

ምክንያቱን ልጻፈው። ከዚያ ቀን በፊት ለማንም አልተናገርኩትም። ሰኞ ጠዋት ዝናብ ስለነበር፣ በየበሩ ቆሞ ወረቀት ላይ መፈረም ስለሰለቸን፣ ዋቅጅራ ቢሮ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ስድስት ባዶ የእሽግ ወረቀት ላይ ሦስታችንም ቀድመን ፈርመናል። ማህተምም ተደርጎባቸዋል። ቀኑ ብቻ ነው የቀረው። አንዱን ኸይሩ በር ላይ ለጠፍነው። ሁለቱን ዋቅጅራ ወሰደ። ሦስቱን ትንሳኤ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ማህተሙ ዴራ ቢሄድም ወረቀቱ አሰላ ነበረ ማለት ነው።

ይህን ከተናገርኩ በሕግ እጠየቃለሁ፤ ጡረታዬ አራት ዓመት ቀርቶታል። ካልተናገርኩ ዛኪር ሰኞ ወደ ፍርድ ቤት ይላካል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያነሳው የለም። የአስፋልቱን ጠርዝ ይዤ ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ወረድኩ። ስለ እኔ ማን ተናግሮ ያውቃል አልኩ። ለአንድ ተራ ተሸካሚ ስል ልራብ እንዴ አልኩ። በመጨረሻ እስር ቤቱ በኩል ሳልፍ ሲያቃስት ሰማሁት። ትከሻው አብጦ ሸሚዙ አልወልቅ ብሎት በምላጭ ቀደውለታል።

ለሊሴ ሁሉንም ሳታቋርጠኝ ሰማች።

“ከሐሙስ ጀምሮ ያውቁ ነበር?”

“ወረቀቱን አውቅ ነበር። በሶውን ዛሬ ነው ያወቅኩት።”

“ልጁን ሲመቱትም ያውቁ ነበር።”

“አዎ።”

ቢሰድቡኝ ለምጃለሁ። እሷ ግን ኮቷን ብቻ አነሳች። “ትንሳኤን እዚያ የሚያመጣው ዘይቱ ብቻ ነው። ጀሪካኖቹን ገልብጠን እንያቸው።”

መጋዘኑ ውስጥ ገለበጥናቸው። በእያንዳንዱ ቂጥ ላይ ጭቃ ተለጥፏል። ጭቃውን በጫማዋ ፋቀችው፤ ከሥሩ ሰማያዊ የቀለም ነጥብ ወጣ። የገመቹ ማህበር ምልክት ነው፤ የሕዝብ ዘይት ለነጋዴ እንዳይሸጥ ብሎ ትንሳኤ ራሱ በስብሰባ ያስወሰነው።

“የተደበቀው ዘይት የኸይሩ አይደለም” አለች ለሊሴ። “ሐሙስ ሲቆጠር ኸይሩ የማን እንደሆነ ይናገር ነበር።”

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ገመቹ ገባን። ሰልፉ በዝቷል፣ ገበያተኛው ይገፋፋል። ትንሳኤ ሚዛኑ ጋ ቆሞ ስኳር ይመዝናል።

“አቶ ትንሳኤ፣ ሰኞ ዕለት የወሰድካቸውን ሦስት የእሽግ ወረቀቶች አምጣልኝ” አለችው።

ዓይኑ ወደኔ ዞረ። የናቀኝ ዓይን አውቃለሁ፤ ያ የናቀኝ ዓይን ነው። ይናገራል ብሎ አልገመተም።

“ዝናብ አበሰበሳቸው። ጣልኳቸው።”

“ሦስቱንም?”

“ሦስቱንም።”

“ማክሰኞ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበርክ?”

“ምሳ…”

“በፍልሰታ?” አለች ከሰልፉ ዘርትሁን። ሰዉ ሳቀ።

ለሊሴ ሚዛኑ አጠገብ ያስቀመጠውን ያን የታሰረ ፌስታል ፈታችው፤ በሶ ነው። የእሽጉን ወረቀት አጠገቡ ዘረጋችው። “የጨጓራ መድኃኒትህን በሩ ላይ ምን አመጣው?” አለችው። ቀጥላ ድምፅዋን ሳትቀንስ “ኸይሩ መጋዘን ያለው ዘይት በሙሉ የገመቹ ምልክት አለው” አለች።

እዚህ ላይ ተሳስታለች። እንዲህ ያለ ነገር በሰልፈኛ ፊት አይነገርም።

ትንሳኤ ከሚዛኑ ላይ የአምስት ኪሎውን ድንጋይ አንስቶ ወረወረው። ክንዷ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ሳትጮህ ተቀመጠች። በሚዛኑ ላይ ዘልዬ አንገቱን ያዝኩት፤ አብረን ስኳሩ ላይ ወደቅን። ጣቴን ነከሰኝ። በጉልበቴ ፊቱን መታሁት፣ ደግሜ መታሁት። ከዚያ ሰዉ ከላያችን ፈሰሰ።

“የእኛን ዘይት! የእኛን!” ይላሉ። እናቶች በባዶ ጀሪካን፣ አዛውንቶች በከዘራ። አንዱ ጆሮውን ይዞ ይጎትታል። ማንም የኸይሩን ስም አልጠራም። ለሞተው ሰው አልነበረም የመቱት፤ ለዘይቱ ነው። ለሊሴ በግራ እጇ ሽጉጥ አውጥታ ወደ ላይ ተኮሰች። ቆርቆሮው ተበሳ። ያኔ ነው ያቆሙት።

ትንሳኤ ጓዳ ውስጥ ጥርሱን ስኳር ላይ እየተፋ ተናገረ።

“‘ቀስ ብለን ዘይቱን እናውጣው፣ መልሼ አሽገዋለሁ’ ብዬ ጠራሁት። መጣ። በሩን ከፈትን። ከዚያ አይሆንም አለ። ‘ስሜ በከተማው ሌባ ተብሎ ታሸገ፤ ሐሙስ ሁሉም በተሰበሰበበት የአንተ ነው እላለሁ’ አለኝ። ጀርባውን አዞረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ማን ይሰማል? አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት።”

“ሦስት ጊዜ ነው” አለች ለሊሴ ክንዷን ደግፋ። “አዳማ ላይ ሬሳውን ገና ሳየው ቆጥሬዋለሁ።”

አዛዡ ሰኞ ከሰዓት መሣሪያዬንና መታወቂያዬን ተቀበለኝ። ጉዳዬ ይታያል ተባለ። ፋይሉ ላይ ግን የበሶው ነገር በኢንስፔክተር ለሊሴ ብርቱ ክትትል የተገኘ ተብሎ ተጽፏል፤ እሷ እንዳላስጻፈችው አምናለሁ፤ ሐኪም ቤት ነበረች። ቴሌቪዥኑም መጣ። ከጀሪካኖቹ ፊት ቆመው ገበያው ተረጋግቷል አሉ።

አዛዡ መሣሪያዬን ሲቀበለኝ አንድ ነገር ለመንኩት። ዛኪርን እኔ ልፍታው። አዛዡ ትከሻውን ነቀነቀና ቁልፉን ወረወረልኝ።

ሂክማ ከኋላዬ መጣች። በሩን ከፈትኩት። ዛኪር ጥጉ ላይ ነበር። እኔን ሲያይ ወደ ግድግዳው ተጣበቀ።

“ውጣ” አልኩት። “ነፃ ነህ።”

አልተንቀሳቀሰም።

“ገዳዩ ተይዟል፤ ሌላ ሰው ነው። ውጣ ልጄ።”

“ሳጅን” አለ በቀስታ፣ “የቱ ጋ ነው የምፈርመው?”

“የምትፈርመው የለም።”

“እፈርማለሁ። በግራዬ ለምጃለሁ። ምንም ቢሆን እፈርማለሁ።” ግራ እጁን ዘርግቶ ወረቀት እንድሰጠው ጠበቀ።

ሂክማ በወገቧ ያለውን ነጠላ አጥብቃ በአጠገቤ አልፋ ገባች። እግሩ ሥር ተቀምጣ የተዘረጋውን እጁን ያዘችው። ምን እንዳለችው አልገባኝም፤ በስልጥኛ ነው።  ከዚያ ተነሳ፤ ሁለት እርምጃ መጣና በሩ ላይ እኔን አይቶ ቆመ።

“ሂድልን” አለችኝ ሂክማ። “አንተ እዚያ ቆመህ አይወጣም።”

ቁልፉን መሬት ላይ አስቀምጬ ኮሪደሩን ጨረስኩት፤ ግቢውንም አቋረጥኩት። አስፋልቱ ማዶ ደርሼ ስዞር ገና እየወጣ ነበር።